ለወላጅ የሚላክ ማስታወቂያ እንዳይባክን፦ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ዝርዝር መመሪያ

ማስታወቂያው በር ላይ ተለጥፏል፣ ቴሌግራም ላይም ወጥቷል። ቅዳሜ ጠዋት ግን የመጣው ወላጅ ከግማሽ በታች ነው። ከመጡትም አንዱ “ደረሰኝ ያዙ አልተባልንም” ብሎ ይመለሳል፣ ሌላው ሰኞ ይመጣና “ዛሬ አይደለም እንዴ?” ይላል። ጽሕፈት ቤቱ ወላጅን ግዴለሽ ይላል። ወረቀቱን አንስቶ ላየው ግን ችግሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ነው፦ ቀኑ አለ፣ ዕለቱ የለም፤ ሰዓቱ አለ፣ ጠዋት ይሁን ከሰዓት አይታወቅም፤ “አስፈላጊውን መረጃ ይዘው ይቅረቡ” ይላል፣ የትኛውን እንደሆነ አይናገርም።

መመሪያው ለጸሐፊዎች፣ ለዩኒት ሊደሮች (የተወሰኑ ክፍሎችን በበላይነት ለሚከታተሉት)፣ ለክፍል ኃላፊ መምህራንና ለወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት አባላት ነው። ምሳሌዎቹ የአዲስ አበባን የመንግሥትና የግል ትምህርት ቤቶች አሠራር የተከተሉ ናቸው፤ ዋናው ቅደም ተከተል ግን የትም ይሠራል።

ቅድመ ዝግጅት፦ የስልክ መዝገቡን አስተካክሉ

መዝገቡ የተበላሸበት ትምህርት ቤት የፈለገውን ያህል ጥሩ ማስታወቂያ ቢጽፍ አይደርስለትም። ስለዚህ መጀመሪያ ይህን ጨርሱ።

1. ለእያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ስልክ ቁጥር ያዙ። አንዱ የዋናው አሳዳጊ፣ ሌላው ሁልጊዜ ስልክ የሚያነሳ ሰው ይሁን። ብዙ ልጆች ከአያት፣ ከአክስት ወይም ከታላቅ እህት ጋር ስለሚኖሩ “አባት” እና “እናት” የሚሉ ሁለት ዓምዶች ብቻ አይበቁም። “ለልጁ ምኑ ነው?” የሚል ዓምድ ጨምሩ።

2. ቁጥሩን ስትመዘግቡ ወላጁ ፊታችሁ ቆሞ እያለ ደውሉና ስልኩ መጥራቱን እዩ። በኋላ ደውዬ አረጋግጣለሁ የተባለ ቁጥር መስከረምን አይሻገርም። በ09 ብቻ ሳይሆን በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮችም ስላሉ “ተሳስተዋል” ብላችሁ እንዳታርሙት።

3. በኤክሴል የምትመዘግቡ ከሆነ ቁጥር ከማስገባታችሁ በፊት የዓምዱን ዓይነት ወደ “ቴክስት” ቀይሩት። ካልቀየራችሁ የፊተኛዋ 0 ትጠፋለች፣ 0911 ብሎ የሚጀምረው 911 ሆኖ ይቀራል፤ በጅምላ መልእክት ሲላክም ላይደርስ ይችላል።

4. ሦስት ምልክቶች ጨምሩ፦ ቴሌግራም አለው ወይስ የለውም፣ ማንበብ ይቸግረዋል ወይስ አይቸግረውም፣ በየትኛው ቋንቋ ይመቸዋል። የማንበቡን ጥያቄ ሰው ሰምቶ እንዳያፍር ለብቻው ጠይቁ። “መልእክት ስንልክ ቢጻፍልዎ ይሻላል ወይስ ቢደወልልዎ?” ማለት ይበቃል።

5. ልጁን ከግቢ ማውጣት የተፈቀደላቸውን ሰዎች ስም እዚያው ጻፉ። አስቸኳይ ቀን ሲመጣ ይህ ዓምድ ከሁሉም በላይ ይፈለጋል።

መዝገቡን በዓመት ሁለት ጊዜ አድሱ፦ በምዝገባ ጊዜና የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ካርድ በሚሰጥበት ዕለት። ካርድ ሊወስድ ቤተሰብ ራሱ ስለሚመጣ ከሁለተኛው የተሻለ አጋጣሚ የለም።

ደረጃ 1፦ ማስታወቂያው ምን ዓይነት እንደሆነ ለዩ

ከመጻፋችሁ በፊት ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ወስኑ፦ ወላጅ አንድ ነገር እንዲያደርግ የሚጠይቅ (ስብሰባ፣ ክፍያ፣ ፈቃድ)፣ ለማሳወቅ ብቻ የሆነ (አዲስ መምህር ተመድቧል፣ ቤተ መጻሕፍቱ ተከፍቷል)፣ ወይም አስቸኳይ።

አንድ ማስታወቂያ ላይ አንድ ጉዳይ ብቻ ይሁን። የወላጆች ስብሰባ፣ የዩኒፎርም ቀለምና የወርሃዊ ክፍያ ቀነ ገደብ በአንድ ወረቀት ሲወጡ ወላጅ የሚያስታውሰው ክፍያውን ነው፤ የሚናደደውም በእሱ ነው። ለማሳወቅ ብቻ የሆኑትን አጠራቅማችሁ ዓርብ ዓርብ በአንድ ላይ አውጡ።

የጊዜ ርቀቱን እንዲህ ጠብቁ፦

- ስብሰባና ካርድ መስጫ፦ ከ7 ቀን በፊት፣ ማስታወሻ ከ2 ቀን በፊት፣ የመጨረሻው በዋዜማው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ።
- ገንዘብ የሚጠይቅ ሁሉ፦ ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት። የደመወዝተኛ እጅ የሚረጥበው ወር መጨረሻ ላይ ስለሆነ የጉዞ ወይም የመጽሐፍ ክፍያ ቀነ ገደብ ወር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ቢወድቅ ይሻላል። በ20 ላይ የተቆረጠ ቀነ ገደብ የሚያተርፈው ጭቅጭቅ ነው።
- ግማሽ ቀን ትምህርት፦ ከ3 ቀን በፊት። ወላጅ ልጁን የሚወስድ ሰው መፈለግ አለበት።

ደረጃ 2፦ ጽሑፉን በዚህ ቅደም ተከተል ጻፉ

1. ማንን እንደሚመለከት (ለ3ኛ ክፍል ወላጆች፣ ለሰርቪስ ተጠቃሚዎች ብቻ)
2. ወላጁ ምን እንዲያደርግ እንደሚፈለግ
3. መቼ
4. የት፣ እስከ ክፍል ቁጥሩ
5. ምን ይዞ እንደሚመጣ
6. ባይመችው ምን ማድረግ እንደሚችል
7. ማንን እንደሚጠይቅ፣ በየትኛው ስልክና በስንት ሰዓት

አሁን በየበሩ ተለጥፎ የሚታየውን ዓይነት ተመልከቱ፦

“በትምህርት ቤታችን የመማር ማስተማሩን ሂደት ይበልጥ ውጤታማ ለማድረግ እንዲሁም የተማሪዎችን ውጤት አስመልክቶ ከወላጆች ጋር መወያየት በማስፈለጉ በቀን 7/6/18 ከ3፡00 ጀምሮ አስፈላጊውን መረጃ ይዛችሁ እንድትገኙ በጥብቅ እናሳስባለን።”

ወላጅ እዚህ ውስጥ የሚፈልገውን እስኪያገኝ ድረስ ታክሲው ሄዷል። “በጥብቅ እናሳስባለን” የሚለውም ሰውን አያመጣም። ያንኑ ጉዳይ እንዲህ ጻፉት፦

“ለ3ኛ ክፍል ወላጆችና አሳዳጊዎች። የልጅዎን የመጀመሪያ መንፈቀ ዓመት ካርድ ይውሰዱ።
ቀን፦ ቅዳሜ የካቲት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3:00 እስከ 5:30
ቦታ፦ ልጅዎ የሚማርበት ክፍል
ይዘው የሚመጡት፦ የጥር ወር ክፍያ ደረሰኝና መታወቂያ
መምጣት ካልቻሉ፦ በመዝገባችን ላይ ስሙ ያለ ሌላ ሰው መላክ ይችላሉ።
ጥያቄ ካለዎት፦ ለዩኒት ሊደሩ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከሰዓት ከ9:00 እስከ 10:30 ይደውሉ።”

“እርስዎ” እያላችሁ ጻፉ። “እንድትገኙ” የሚለው የብዙ ቁጥር ሁሉንም ስለሚጠራ ማንም እኔን ነው አይልም። ምክንያቱን መግለጽ ካስፈለገ መጨረሻ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩት።

ግማሽ ቀን ከሆነ የምሳውን ነገር አትርሱ። ምገባ ባለበት ትምህርት ቤት ልጆቹ በልተው ይወጣሉ ወይስ ሳይበሉ? ምሳ ዕቃ ይዘው በሚመጡበትስ ዕቃው ይያዝ ወይስ ይቅር? ይህ ካልተጻፈ በማግስቱ ጠዋት የጽሕፈት ቤቱ ስልክ አያርፍም።

ደረጃ 3፦ ቀኑንና ሰዓቱን አጥብቃችሁ ፈትሹ

አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነው፣ ቀስ ብላችሁ ሂዱ።

ዕለቱንና ቀኑን አብራችሁ ጻፉ። “7/6/18” አትበሉ፤ የካቲት 7ን እንደ ሰኔ 7 ወይም እንደ ፈረንጅ ቀን የሚያነብ አይጠፋም። “ቅዳሜ የካቲት 7” ሲባል ግን አንዱ ቢሳሳት ሌላው ያጋልጠዋል።

ዕለቱ ከቀኑ ጋር መግጠሙን ያለ ካላንደር ማረጋገጥ ይቻላል። ከጳጉሜ በቀር ወራቱ ሁሉም 30 ቀን ስለሆኑ ወር በገባ ቁጥር ዕለቱ በሁለት ይዘላል። በ2018 መስከረም 1 ሐሙስ ነበር፤ ስለዚህ ጥቅምት 1 ቅዳሜ፣ ኅዳር 1 ሰኞ፣ ታኅሣሥ 1 ረቡዕ፣ ጥር 1 ዓርብ፣ የካቲት 1 እሑድ ይውላል። የካቲት 1 እሑድ ከሆነ 7ኛው ቀን ቅዳሜ ነው፤ ገጥሟል። በ2019 መስከረም 1 ዓርብ ስለሚውል ሁሉም በአንድ ቀን ይገፋል።

“ነገ”፣ “የፊታችን ሰኞ”፣ “በዚህ ሳምንት” የሚሉትን ሰርዙ። ማታ የተላከ መልእክት ጠዋት ሲነበብ “ነገ” በአንድ ቀን ይንሸራተታል።

ሰዓቱ ላይ “ጠዋት”፣ “ከቀኑ”፣ “ከሰዓት”፣ “ከምሽቱ” የሚለውን ሁልጊዜ ጨምሩ። በተለይ የግል ትምህርት ቤቶች አንዳንዱን ማስታወቂያ በእንግሊዝኛ፣ ሌላውን በአማርኛ ስለሚያወጡ “9:00” የሚለውን ቁጥር አንዱ ወላጅ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት አድርጎ ይረዳዋል። በሁለት ቋንቋ የምታወጡ ከሆነ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጡና የስድስት ሰዓት ልዩነቱን በጣታችሁ ቆጥራችሁ አረጋግጡ። ከሪያድ ወይም ከጅዳ ሆና የልጇን ወጪ የምትከፍል እናትም ማስታወቂያውን የምታነበው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ሳዑዲ ከአዲስ አበባ ጋር በሰዓት አንድ ነች፣ ዱባይ ግን በአንድ ሰዓት ትቀድማለች።

ያለፈውን ዓመት ማስታወቂያ ከፍቶ ቀኑን ብቻ መቀየር የተለመደ ነው። በበዓላት ላይ ግን ያሳስታል። ገና አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 29 ቢሆንም ጳጉሜ 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ በ28 ይከበራል፤ በ2016 እንዲያ ነበር፣ በ2020ም እንዲያው ይሆናል። ዒድ ደግሞ በጨረቃ መታየት ስለሚወሰን ከአንድ ሳምንት በፊት ቀን ቆርጣችሁ አትጻፉ። “ዒድ ዓርብ ከሆነ ሰኞ እንገናኛለን፤ ቅዳሜ ከሆነ ግን ዓርብ ትምህርት አለ። ማታ 3 ሰዓት ላይ በቻናላችን እናረጋግጣለን” ብላችሁ ሁለቱንም መንገድ ቀድማችሁ ተናገሩ።

ደረጃ 4፦ ከማባዛት በፊት ለጥበቃው አስነብቡ

የእርማት ሥራ ለጻፈው ሰው አይሰጥም። ረቂቁን የትምህርት ቤቱን በር ለሚጠብቀው ሰው ስጡትና ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ መቼ ነው? የት ነው? ምን ይዤ ልምጣ? ወላጅ በር ላይ የሚጠይቀው እሱን ስለሆነ መልሱን ቀድሞ ማወቁ በራሱ ይጠቅማል። ለአንዱ ጥያቄ እንኳ ወረቀቱን ደጋግሞ ካየ ጽሑፉ ገና ነው።

ከዚያ በኋላ የርዕሰ መምህሩን ፊርማና ማህተም አስደርጉ፣ የወጪ ቁጥር (የሚወጣ ደብዳቤ መለያ ቁጥር) ስጡት። ቁጥሩ እርማት ቢያስፈልግ “በቁጥር ይህን ያህል የወጣው ተሽሯል” ለማለት ይረዳል።

ሌላ ቋንቋ ለሚመቻቸው ወላጆች ጽሑፉን በቋንቋው አፉን የፈታ መምህር ይጻፈው። አፋን ኦሮሞ የሚያስተምር ባልደረባ ካላችሁ ከስልክ ትርጉም ይልቅ እሱን አስቸግሩ።

ደረጃ 5፦ ወረቀቱ ቤት እንዲደርስ

1. አጭር ማስታወቂያ ከሆነ አንድ ኤ4 ላይ አራት ጊዜ አስቀምጡት። 50 ተማሪ ላለው ክፍል 13 ወረቀት ይበቃል፤ 52 ቁራጭ ይወጣዋል፣ ሁለቱ ለክፍል ኃላፊው ይቀራሉ። በሩብ ገጽ ላይ ከ60 ቃል በላይ ከሆነ ፊደሉ ስለሚያንስ ወደ ግማሽ ገጽ አሳድጉት።

2. በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ አድሉ። ጠዋት የተሰጠ ወረቀት በእረፍት ሰዓት አውሮፕላን ይሆናል።

3. ለ1ኛና 2ኛ ክፍል ልጆች በእጅ አትስጡ። የመገናኛ ደብተሩ የዕለቱ ገጽ ላይ በስቴፕለር አያይዙት፤ ፒኑ ከላይ በኩል አግድም ይሁን፣ በጎን ከሆነ ደብተሩ ሲከፈት ይቀደዳል።

4. ከ4ኛ ክፍል ጀምሮ ልጆቹ ራሳቸው ደብተራቸው ላይ ቢገለብጡ ወረቀት ይቆጠባል። ነገር ግን ከሰሌዳ ሲገለብጡ 7ን 1 የሚያደርግ አይጠፋም። መምህሩ እየዞረ ቀኑን ብቻ ይይ፣ ይፈርምበት።

5. ከመበተናቸው በፊት ክፍሉ በሙሉ ጮክ ብሎ ሦስት ጊዜ ይበለው፦ “ቅዳሜ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ደረሰኝ!” ማንበብ የማይችል ወላጅ ቤት መልእክቱን የሚያደርሰው ይህ ነው።

6. የቀረ ተማሪ ካለ ስሙን ቁራጩ ላይ ጻፉና በስም መጥሪያው ውስጥ አስቀምጡት። ወንድማማቾችና እህትማማቾች ካሉ ለታናሹም ስጡት፤ “ለታላቁ ሰጥተናል” የሚባለው ቁጠባ ታላቁ የቀረ ዕለት ይከሽፋል።

በር ላይ የሚለጠፈውን በኤ3፣ በአዋቂ ሰው ዓይን ትክክል፣ ዝናብ በማያገኘው ቦታ አድርጉ። ቀኑ ያለፈበትን በማግስቱ አንሱት፤ የጥቅምት ወረቀት የተንጠለጠለበትን ሰሌዳ ማንም አያነብም።

ደረጃ 6፦ ቴሌግራም

ለማስታወቂያ ቻናል (አድሚኑ ብቻ የሚጽፍበትን) እንጂ ግሩፕ አትጠቀሙ። ግሩፕ ላይ ማስታወቂያው ከ“አሜን” እና “እንኳን አደረሳችሁ” ሥር ይቀበራል። የክፍል ግሩፕ ካላችሁ ለቤት ሥራና ለጥያቄ ይሁን፤ በጽሕፈት ቤቱ ስም የሚወጣ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ቻናሉ ላይ ይውጣ፣ ከዚያ ወደ ግሩፑ ፎርዋርድ ይደረግ።

አከፋፈቱ፦

1. ቻናሉን በትምህርት ቤቱ ሲም ክፈቱ። በጸሐፊዋ የግል ስልክ ተከፍቶ እሷ ሥራ ስትለቅ የጠፋ ቻናል ብዙ ነው። ባለቤትነት ማዛወር ይቻላል፤ ነገር ግን ባለቤቱ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከኮዱ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን) ካበራ ቢያንስ 7 ቀን ያለፈው መሆን አለበት። ስለዚህ ዛሬውኑ አብሩት።

2. ሁለት አድሚን ይኑር፣ ከሦስት አይብለጥ።

3. ቻናሉ ፕራይቬት ይሁን፣ ሊንኩንም በወረቀት አትለጥፉት። ሊንኩ ወጥቶ ከተሰራጨ ሰርዛችሁ አዲስ አውጡ፤ ነባሮቹ አባላት አይነኩም።

4. የትምህርት ቤቱን ስምና ሎጎ ወስዶ ተመሳሳይ ቻናል መክፈት ለማንም ቀላል ነው። ስለዚህ በፒን መልእክታችሁ (ከቻናሉ አናት በሚቆየው) ላይ ይህን አስቀምጡ፦ “ክፍያ የሚፈጸመው በምዝገባ ወቅት በታተመው የሒሳብ ቁጥር ብቻ ነው። አዲስ የሒሳብ ቁጥር በቴሌግራም አንልክም።” ይህን ካላችሁ በኋላ እናንተም አትላኩ። ሒሳቡ ቢቀየር በማህተም በታተመ ደብዳቤ አሳውቁ።

አላላኩ፦

ማስታወቂያውን በጽሑፍ ላኩት። ማህተም ያለበት ደብዳቤ ፎቶ ብቻ መላክ የብዙ ትምህርት ቤት ልማድ ነው፤ ፎቶው ሲጨመቅ ፊደሉ ይደበዝዛል፣ በኋላም በፍለጋ አይገኝም። ደብዳቤው የግድ ከሆነ በፒዲኤፍ አያይዙትና ዋናውን ነገር ከሥሩ በጽሑፍ ድገሙት። ከፎቶ ወይም ከፋይል ጋር የሚሄድ ጽሑፍ በነፃው ቴሌግራም ከ1,024 ፊደል አይበልጥም፤ ለብቻው የሚላክ ጽሑፍ ግን እስከ 4,096 ይሄዳል።

ጽሑፉን ከጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ኮፒ ስታደርጉ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ከወጣ ዩኒኮድ (ዛሬ ስልክና ኮምፒውተር የሚያነቡት የፊደል አሠራር) ባልሆነ በድሮ የግዕዝ ፎንት ተጽፏል ማለት ነው። ፎንቱን መቀየር አያድነውም፤ በዩኒኮድ ኪቦርድ እንደገና መጻፍ ወይም በመቀየሪያ መለወጥ ያስፈልጋል።

ቀድሞ ለማቀድ የመላኪያዋን ቀስት ጫን ብላችሁ ያዙና “ስኬጁል” የሚለውን ምረጡ። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፦ ስልኩ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ለምሽቱ 12:30 የታሰበ መልእክት 18:30 ተብሎ ይሞላል። 12:30 ብላችሁ ከሞላችሁት ከቀኑ 6:30 ላይ ይወጣል፣ ወላጅ ሥራ ላይ ባለበት ሰዓት።

ለማሳወቅ ብቻ የሆነውን ያለ ድምፅ ላኩ፤ ምርጫው እዚያው ቀስቷ ላይ ነው። ሁሉም መልእክት የሚጮህ ከሆነ ወላጅ ቻናሉን ሚዩት ያደርገዋል፣ ከዚያ በኋላ አስቸኳዩም አይሰማም።

ከመልእክቱ ሥር ያለችው የዓይን ምልክት ቁጥር አታታልላችሁ። ፎርዋርድ የተደረጉትን ቅጂዎች ያዩ ሰዎችም ይደመሩባታል፤ 400 እይታ ማለት 400 ወላጅ ማለት አይደለም።

ደረጃ 7፦ አጭር መልእክትና ጥሪ

በመዝገቡ “ቴሌግራም የለውም” የተባሉት በዚህ ይደረስባቸዋል። በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ አንድ አጭር መልእክት 70 ፊደል ብቻ ይይዛል፣ ባዶ ቦታና ነጥብ ጭምር። 70ን ሲያልፍ ይከፋፈላል፣ እያንዳንዱ ክፍልም 67 ይይዛል፤ ሒሳቡም በየክፍሉ ነው። በላቲን ፊደል 160 ይገባል፣ ነገር ግን “lij” እና “qen” እያለ የሚንገዳገድ አማርኛ ለማንበብ ያዳግታል፤ አንዲት የግዕዝ ፊደል ከገባችበት ደግሞ ወሰኑ ተመልሶ 70 ይሆናል። በአማርኛ ጽፎ ማሳጠር ይሻላል፦

“ከት/ቤቱ፦ ዓርብ ጥር 15 ትምህርት እስከ 6:00 ሰዓት ብቻ ነው። ልጅዎን 6:00 ላይ ይውሰዱ።”

ይህ 61 ነው። በጅምላ ከመላካችሁ በፊት ለራሳችሁና ለአንድ መምህር በቁልፍ ስልክ ላይ ሞክሩት፤ አንዳንድ አሮጌ ቀፎ የግዕዝ ፊደልን በአራት ማዕዘን ሳጥን ስለሚተካ እነዚያን ወላጆች ወደ ጥሪ ዝርዝር አዛውሩ።

ጥሪውን የክፍል ኃላፊው መምህር ያድርገው። መጀመሪያ “ልጅዎ ደህና ነው፣ ለሌላ ጉዳይ ነው የደወልኩት” ይበል። ከትምህርት ቤት ሲደወል የወላጅ ልብ ቀድሞ ስለሚደነግጥ ይህ ካልተባለ ቀጥሎ የሚነገረው አይሰማም። በመጨረሻ ወላጁ ቀኑንና ሰዓቱን መልሶ እንዲነግራችሁ በትሕትና ጠይቁ።

ደረጃ 8፦ መድረሱን አረጋግጡ

ፈቃድ ወይም ክፍያ ለሚጠይቅ ማስታወቂያ ከታች ተቆርጦ የሚመለስ ቁራጭ ይኑረው፦ የተማሪው ስም፣ ክፍል፣ “እስማማለሁ / አልስማማም”፣ የወላጅ ስምና ፊርማ። “አልስማማም” የሚለው አይቅር፤ የማይስማማ ወላጅ ዝም ካለ አልደረሰውም ይሁን እንቢ ብሎ አታውቁም።

የመመለሻውን ቀን ከዝግጅቱ 3 ቀን ቀድሞ ወስኑ። በዚያ ቀን የክፍል ኃላፊው ያልመለሱትን ከስም ዝርዝሩ ላይ ለይቶ ለቤተሰቦቻቸው ይደውላል። ልጁን ሰልፍ ላይ ወይም ክፍል ውስጥ አቁሞ “ወረቀትህ የታል?” ማለት ይቅር፤ ደግሞም አዲስ ወረቀት በእጁ ስጡት፣ ያኛው ጠፍቷልና።

ፊርማው የወላጅ መሆኑ ካጠራጠራችሁ መስከረም ላይ በመዝገቡ ከፈረመው ጋር አስተያዩት። 6ኛ ክፍል ሲደርሱ የአባታቸውን ፊርማ ከአባታቸው አሳምረው የሚፈርሙ ልጆች አሉ።

ስህተት ሲገኝ

የተሳሳተ ቀን ከወጣ የቴሌግራሙን ጽሑፍ ዝም ብሎ ማረም አይበቃም። የታረመ ጽሑፍ አዲስ ድምፅ አያሰማም፤ ፎርዋርድ የተደረገውም ቅጂ እንደተሳሳተ ይቀራል። እንዲህ አድርጉ፦

1. አዲስ መልእክት አውጡ፤ የመጀመሪያው ቃል “እርማት” ይሁን።
2. ትክክለኛውን መጀመሪያ፣ የተሳሳተውን በኋላ ጻፉ፦ “ስብሰባው ቅዳሜ የካቲት 7 ነው። የካቲት 8 የተባለው በስህተት ነው።”
3. የድሮውን መልእክት አታጥፉት፤ ከላዩ “ተሽሯል፣ እርማቱን ይመልከቱ” ብላችሁ አርሙት። ከጠፋ በስክሪን ሾት የያዘው ወላጅ የቱ እውነት እንደሆነ ማመሳከሪያ አያገኝም።
4. በወረቀትም ወጥቶ ከሆነ እርማቱም በወረቀት ይውጣ፣ በተለየ ቀለም ወረቀት።
5. በተሳሳተው ቀን በር ላይ ሰው መድቡ። የሚመጣ ወላጅ አይጠፋም፤ ካርድ ከሆነ ስጡትና ሸኙት።

ዝግጅቱ ከተራዘመም አዲሱ ቀን እስኪቆረጥ አትጠብቁ። “የቅዳሜው ቀርቷል፤ አዲሱን ቀን እስከ ረቡዕ እናሳውቃለን” ብላችሁ ወዲያው ልቀቁት።

አስቸኳይ ሲሆን

ውሃ ሲቋረጥ፣ ሰርቪስ ሲበላሽ ወይም ተላላፊ ሕመም ሲታይ ወሬው በአሥር ደቂቃ ውስጥ የወላጆች ግሩፕ ላይ ነው። የምታውቁትን ያህል ይዛችሁ ቀድማችሁ ውጡ፦

“ማክሰኞ ጥር 19፣ ከጠዋቱ 4:20። የውሃ መስመር በመበላሸቱ ግቢው ውስጥ ውሃ የለም። ልጆቹ ሁሉም ክፍላቸው ውስጥ ናቸው፣ የተጎዳ የለም። ትምህርት 6:00 ላይ ያበቃል፤ ሰርቪስ 6:10 ይነሣል። ልጅ የምንሰጠው በመዝገብ ላይ ስሙ ላለ ሰው ብቻ ነው። ቀጣዩ መልእክት 5:00 ላይ ይወጣል።”

የወጣበትን ሰዓት ከላይ መጻፍ ግዴታ ነው፤ ፎርዋርድ ሲደረግ የትኛው አዲሱ እንደሆነ የሚታወቀው በሱ ነው። “አትደናገጡ” አትበሉ፤ ያንን ያነበበ ይደናገጣል። ልጆቹ የት እንዳሉ ብትነግሩት ይረጋጋል። 5:00 ላይ አዲስ ነገር ባይኖርም “የተለወጠ ነገር የለም” ብላችሁ ቃላችሁን ጠብቁ። ሁሉም ስልክ አንሺ አንድ ዓይነት መልስ እንዲሰጥ ጽሑፉን አትማችሁ በስልኩ አጠገብና በጥበቃው እጅ አድርጉ።

ሕመም ከሆነ የታመመውን ልጅ ስምም ሆነ ክፍል አትጥቀሱ። ምልክቱን፣ ልጁ ምልክቱ ካለበት ቤት እንዲቆይ፣ ጤና ጣቢያ መቼ መሄድ እንዳለበት ጻፉ። የበሽታውን ስም ግን የጤና ባለሙያ ሳያረጋግጥ አታውጡ።

ፈጽሞ የማይለጠፍ

- ክፍያ ያልከፈሉ ተማሪዎች ስም ዝርዝር፣ በርም ላይ ቻናልም ላይ።
- የተማሪዎች ውጤትና ደረጃ ከነስማቸው። የሮስተር (የክፍሉ ተማሪዎች ሁሉ ውጤት የሰፈረበት ሰንጠረዥ) ፎቶ ቴሌግራም ላይ ማውጣት የተለመደ ሆኗል፤ ይቁም። ለእያንዳንዱ ወላጅ የልጁን ብቻ ስጡ።
- የልጅ ፎቶ ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን መረጃ በዘፈቀደ ማሰራጨትን ስለሚገድብ የፈቃዱን ቅጽ በምዝገባ ጊዜ አስፈርሙ።
- የሰርቪስ መነሻና መውረጃ ቦታዎች ከልጆች ስም ጋር።

ከወጣ በኋላ

የእያንዳንዱን ማስታወቂያ አንድ ቅጂ በወጪ ቁጥሩ ቅደም ተከተል ፋይል አድርጉ። ጀርባው ላይ አራት ነገር በእስክሪብቶ ጻፉ፦ በየትኛው መንገድ ተላከ፣ መቼ፣ ስንት ቁራጭ ተመለሰ፣ ወላጆች ደውለው ምን ጠየቁ። በሚቀጥለው ጊዜ ተመሳሳዩን ስታወጡ ደጋግሞ የተጠየቀውን ጥያቄ መልስ ጽሑፉ ውስጥ አስገቡት። ሰኔ ላይ የወላጆች ቀን ማስታወቂያ ከመጻፋችሁ በፊት ፋይሉን አውጥታችሁ ያለፈውን ዓመት ጀርባ አንብቡ፤ “ስንት ሰው ይዤ ልምጣ?” እና “መኪና የት ላቁም?” የሚሉት ሁለቱ እዚያ አይጠፉም።